የእማማ ስንዱ ነጠላና ሰማያዊው መብራት

ጡረታ ወጣሁ። በአሥራ ስምንት ዓመቴ!

አትሳቁ፤ እውነቴን ነው። ዳቦ ተቆርሶልኛል፣ ለስላሳ ተከፍቶልኛል፣ የጽዳት ኃላፊያችን አቶ ሙጬም ቆመው ንግግር አድርገውልኛል። «ልጃችን ብርቄ በአገልግሎት ዘመኗ አንድም መወልወያ አልሰበረችም» ብለው ሲያበቁ አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ነበር። አዳራሽ ስል የሆስፒታላችንን የልብስ ማጠቢያ ቤት ማለቴ ነው። በቅርቡ ነርስነት ልማር ኮሌጅ እገባለሁ፤ ስለዚህ ከጽዳት ሥራዬ በክብር ተሰናብቻለሁ።

የአማርኛ መምህራችን ይህን ሲሰሙ፣ «ጡረተኛ ሁሉ የሥራ ዘመን ትዝታውን ይጽፋል፤ አንቺስ ምን ያንስሻል?» አሉኝ። እሳቸው ለቀልድ ነው ያሉት። እኔ ግን ቀልዱን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ድርሰት ሲባል የምሸሽ ልጅ ነበርኩ፤ ያን ቀን ግን አንዱን ገጽ ሞልቼ ሁለተኛውን ስገልጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ለካ መጻፍ ማለት በሚያውቁት ቤት ውስጥ ዓይንን ጨፍኖ መሄድ ነው፤ እጅ ራሱ በሩን ያገኘዋል።

ሥራ የጀመርኩት በእናቴ ወገብ ምክንያት ነው። እናቴ የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢ ናት። ወገቧን ታማ አልጋ ላይ ስትውል ከሕመሙ ይልቅ «ቦታዬን ሌላ ሰው ይይዘዋል» የሚለው ጭንቀት ሲብስባት፣ አቶ ሙጬ ዘንድ ሄጄ በምትኳ እንዲያስገቡኝ ለመንኳቸው። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«አንቺ? ባልዲውን ታነሺዋለሽ ወይስ እሱ ያነሳሻል?»

«እንሞክር፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ቀን ሥራ፣ ማታ ትምህርት ሆነ። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ ትንሽ ነበር፣ ግን ለቤታችን ይደርስ ነበር።

ማጠቢያ ቤት የተማርኩት ነጭን ነው። ለሌላው ሰው ነጭ ነጭ ነው። ለአጣቢ ግን የወተት ነጭ አለ፣ የኖራ ነጭ አለ፣ «ድሮ ነጭ ነበርኩ» የሚል ነጭም አለ። ደም በሙቅ ውኃ ከተነካ ጨርቁ ላይ ሙጭጭ እንደሚል፣ በቀዝቃዛ ግን እንደሚለቅ እዚያ አወቅሁ። የተሰጡት አንሶላዎች በከተማችን ነፋስ ሲነፉ መሀላቸው ገብቼ እቆማለሁ። ግራ ቀኜ ነጭ፣ በላዬ ሰማይ። የት እንዳለሁ ይጠፋኛል። «ብርቄ! የት ሄድሽ?» የሚል የአቶ ሙጬ ድምፅ ከሩቅ አገር እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማኛል። እናቴ ድና ወደ ሥራዋ ስትመለስ፣ እሳቸው እኔን ማሰናበት ከበዳቸው መሰለኝ፣ «የጨቅላ ሕፃናቱ ክፍል ጽዳት ሰው ይፈልጋል፤ ግን እዚያ ቁጭ ብሎ ማለም የለም» ብለው ላኩኝ።

ለማለም ደግሞ ከዚያ የተሻለ ቦታ አልነበረም።

በሩን ስከፍት ክፍሉ ሰማያዊ ነው። ግድግዳው ሰማያዊ፣ ጣሪያው ሰማያዊ፣ አጎንብሳ የቆመችው ነርስ ጋውን ሰማያዊ። መሀል ላይ፣ ከመብራቱ ሥር፣ ዓይኑ በጨርቅ የተሸፈነ አንድ ትንሽ ፍጥረት ራቁቱን እጁን ዘርግቶ ተኝቷል። ክረምቱ አልፎ ሰማይ ሲጠራ፣ ሣር ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ሽቅብ ሳይ ወደ ላይ የምወድቅ ይመስለኛል። እንደዚያ ሆንኩ። መወልወያዬን ይዤ ደጃፉ ላይ ቀረሁ።

«ወይ ግቢ ወይ ውጪ፤ በር ሲከፈት ይበርዳቸዋል» አለች ነርሷ። ከዚያ ወደ ሕፃኑ ጎንበስ ብላ፣ «ይቅርታ አባቴ፣ እንግዳ መጥታብን ነው። ይተኙ፣ ይተኙ» አለችው።

አንቱ! አንገቱን እንኳ መሸከም የማይችለውን!

ሲስተር እንጉዳይ ይህች ናት። በሥራ ዘመኔ ያገኘሁት መምህር ቢባል እሷን ነው የምጠራው። ሕፃናቱን ሁሉ በአንቱታ ነው የምታናግራቸው። «እንዴት አደሩ እመቤቴ? ጡት አልጠባም አሉ አሉ፤ ምን አስቀየምንዎት?» ትላለች። እኔ እሷን «እርስዎ» ስላት ግን ተቆጣች፤ «እኔን አንቺ በዪኝ፤ አንቱታው ለእነሱ ነው። ከእግዜር ቤት ገና መምጣታቸው ነው፤ የመንገዱ አቧራ እንኳ አልለቀቃቸውም።»

ከክፍሉ ሕፃናት ብዙዎቹ የሚመጡት ቢጫ ሆነው ነው። አገሬው ዓይንና ቆዳ ቢጫ ሲሆን የወፍ በሽታ ይለዋል። እኔም እንደዚያ ስል ሲስተር እንጉዳይ ሳቀችና አስረዳችኝ። ደም ሲያረጅ ቢጫ ዝቃጭ ይወጣዋል፤ ጉበት ደግሞ ዝቃጩን ያስወግዳል። «የእነሱ ጉበት ግን ገና ሥራ አልለመደም፤ ልክ እንዳንቺ» አለችኝ። «ዝቃጩ ሲጠራቀም ቆዳቸውን ያለብሰዋል። ከበዛ ወደ ጭንቅላት ይገባል፤ ያን ጊዜ ነው የሚያስፈራው። ይህ መብራት ቆዳቸው ላይ ሲያርፍ ቢጫውን እየሰባበረ ያሟሟዋል፤ በሽንትና በሰገራ ይወጣል። መድኃኒቱ ብርሃን ነው፣ ብርቄ። የሚዋጥ አይደለም፤ የሚለበስ ነው።»

የሚለበስ ብርሃን! ያን ቀን ከሥራ ስወጣ ፀሐይዋን እንደ አዲስ አየኋት።

ልማዶቿን አንድ በአንድ ለመድኩ። ሕፃንን በሰማያዊው መብራት ሥር አይታ «ቢጫው ለቀቀ» ብላ አታውቅም፤ እዚያ ውስጥ ሁሉም ሰው አንድ መልክ ነው። መጀመሪያ አቅፋ ወደ መስኮቱ ትወስደዋለች። የአፍንጫውን ጫፍ በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ትለቅና፣ ደሙ ከመመለሱ በፊት ከሥር ብቅ የሚለውን ቀለም ታያለች። ከዚያ ደረቱን፣ ሆዱን፣ ጉልበቱን፣ በመጨረሻ ውስጥ እግሩን። ቢጫ ከፊት ጀምሮ ነው ቁልቁል የሚወርደው። ጣቷ ሲወርድ እናትየዋ ትንፋሿን ይዛ ትከተላለች፤ ጣቷ በቶሎ ከቆመ ደስታ ነው። ውስጥ እግር ድረስ ከሄደ ሲስተር እንጉዳይ መዝፈኗን ታቆማለች። ሥራ ላይ ሆና ሁልጊዜ በአፍንጫዋ የምታንጎራጉራት አንዲት ዜማ ነበረቻት፤ ግጥም የላትም። እኔ ስለ ሕፃኑ ከእሷ ፊት ሳይሆን ከዜማዋ ነበር የምሰማው።

የዓይን መሸፈኛውን መስፋት የኔ ድርሻ ሆነ። ዓይናቸው ያን መብራት አይችለውም። ካጠበቅሽው ግንባራቸው ላይ ምልክት ይቀራል፤ ካላላሽው ወርዶ አፍንጫቸውን ይዘጋል። ስንት ፈትቼ ስንት ሰፋሁ! በኋላ ግን ጭንቅላታቸውን በመዳፌ አንዴ ለክቼ፣ ጠልፌ፣ አንገታቸው ሥር ሳልነካ ማሰር ቻልኩ። «አሁን ጥሩ ሰፊ ወጣሽ» ብላ ሲስተር እንጉዳይ ስታመሰግነኝ ለሳምንት መሬት አልረገጥኩም።

መብራቱም ራሱ ያረጃል። ዓይን ሳያውቀው ኃይሉ ያልቃል፤ በመለኪያ ካልሆነ አይታወቅም። የአምፖል ጉዳይም የሚታየው በአቶ ሙጬ ስለነበር፣ በዚህ ነገር ሲስተር እንጉዳይና እሳቸው ሁልጊዜ ይጣላሉ።

«ይበራል እኮ! የሚበራ አምፖል ይጣላል?»

«አቶ ሙጬ፣ እርስዎም ይነሳሉ ይቀመጣሉ። ይሩጡ ቢባሉስ?»

አምፖሉ ይቀየር ነበር።

አሁን መጻፍ ወደማልፈልገው ነገር ደረስኩ። ግን ጡረተኛ የሚያምረውን ብቻ ከጻፈ ውሸታም ነው።

ከእስቴ በኩል አንዲት ሕፃን መጣች። እናቷ እንደ አገሩ ወግ አራስ ቤት፣ ከጓዳ፣ ብርሃን ከማይገባበት ነበር የቆየችው፤ አራስንና ጨቅላን ምች እንዳይመታቸው፣ ዓይን እንዳያያቸው። በጨለማ ውስጥ ቢጫ አይታይም። ያወቁት ልጅቷ ጡት ስትተውና ጀርባዋ እንደ ደጋን ሲለጠጥ ነው። ሲስተር እንጉዳይ መስኮቱ ጋ ወሰደቻት፤ ጣቷ ውስጥ እግሯ ድረስ ሄደ። ዜማው ቆመ። ከመብራቱ ሥር አስተኛናት።

መብራቱ ሥራውን ሠራ። በማግስቱ ልጅቷ ወደ መስኮቱ ስትወሰድ ቆዳዋ እንደ ስንዴ ጠርቶ ነበር። እናቷ ይህን አየችና እልል አለች። እንዴት ያለ እልልታ! ከክፍል ክፍል እየተቀባበሉት ኮሪደሩ ሙሉ ሴቶች እልል አሉ፤ የማያውቋትም ጭምር። ሲስተር እንጉዳይ እልልታው እስኪያልቅ ጠበቀች። አላቋረጠቻትም። ከዚያ እጇን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባቻትና በሩን ዘጋችው።

ቢጫው ወጥቷል፤ ግን ጭንቅላት ውስጥ ደርሶ ነበር የተመለሰው። ልጅቷ በሕይወት ወደ ቤቷ ሄደች። አንገቷ ግን አልጠናም፣ እጆቿም እንደተጨበጡ ቀሩ። መብራቱን ስወለውል «ጥፋትህ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። መብራቱ ምንም ጥፋት አልነበረበትም። የመጣችው ዘግይታ ነው፤ ይኸው ነው።

እማማ ስንዱ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ከስማዳ፣ ከወገዳ ወዲያ ካለ አንድ ቀበሌ፣ ልጃቸውን ደብሬንና የተወለደውን ማሙሽ ይዘው። ደብሬ ብዙ ደም ፈሷት ስለነበር በጎረቤት ክፍል ተኛች፤ ከልጁ አጠገብ የሚቀመጡት አያቱ ሆኑ። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ዓይናቸው የማያርፍ ሴት። ሲስተር እንጉዳይ ልጁን ስታይ ጣቷ ጉልበቱ ላይ ቆመ። ደረስንበት ማለት ነው፤ ግን በጭንቅ። ከደብሬ የሰማነው ነገር ደግሞ ጭንቁን አባሰው። ይህ ሁለተኛ ልጇ ነው። የመጀመሪያው ቢጫ ሆኖ፣ ቤት ውስጥ፣ በእማማ ስንዱ እቅፍ ነው የሞተው። «ወፍ መታብን» አለች ደብሬ።

ልጁ ከመብራቱ ሥር ገባ። በማግስቱ ደሙ ሲመረመር ቢጫው ይወርዳል ስንል ጭራሽ ጨምሮ መጣ።

የክፍላችን ዶክተር ወጣት ነው፤ መብራቱን በመለኪያ ለካ፤ ደህና ነው። የደም ዓይነቱን አስመረመረ፤ የሚያሳማ ነገር የለም። ሲስተር እንጉዳይ መብራቱን ትንሽ ቀረብ አደረገችው፣ ልጁን ገለበጠችው፣ ቶሎ ቶሎ ይጥባ አለች። ዶክተሩ ግን ደብሬን ሄዶ ነገራት፤ «ነገ ጠዋት ካልወረደ ባሕር ዳር ሄዶ ደሙ መለወጥ አለበት። አምቡላንስ ይዘጋጃል።» መንገዱን እኛ እናውቀዋለን። ልጁ ከመብራት ወጥቶ ያን ሁሉ መንገድ ይሄዳል? ቢደርስስ በምን ሁኔታ?

ከሰዓት በኋላ ወለሉን ስወለውል ከእማማ ስንዱ ወንበር ሥር ደረስኩ። እግራቸውን ከፍ አድርገው አሳለፉኝ። ያን ጊዜ የነጠላቸው ጫፍ እጄን ነካኝ። ሞቋል። ያ ክፍል ውስጥ ከመብራቱ ሥር ከተቀመጠ ነገር በስተቀር እንዲያ የሚሞቅ የለም። ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ምን ታዪኛለሽ?»

«ነጠላዎ ሞቋል፣ እማማ።»

«ሰው ለብሶት እንዴት ይቀዝቅዝ?»

«ጫፉ ነው የሞቀው።»

ወደ እኔ ዝቅ ብለው፣ «አንቺ ልጅ፣ እናት አለችሽ?» አሉኝ።

«አለችኝ።»

«እንግዲያስ በእናትሽ፣ ዝም በይ።»

በእናቴ ለመኑኝ! መወልወያዬን ግድግዳ አስደግፌ ወጣሁና ለሲስተር እንጉዳይ ነገርኳት። እናቴም ብትሆን ያን ነበር የምታደርገው።

ሲስተር እንጉዳይ አልጮኸችም። ገብታ ከእማማ ስንዱ አጠገብ ቁጭ አለች።

«እማማ፣ እኛ ስንወጣ ልጁን ይሸፍኑታል?»

«እሸፍነዋለሁ!» አሉ፤ ሊደብቁ እንኳ አልሞከሩም። «ራቁቱን አስጥታችሁት! ብቅል ነው እንዴ የሚሰጣ? ገና ክርስትና ያልተነሳ ልጅ! በሩ በተከፈተ ቁጥር ስንት ዓይነት ዓይን ይገባል። ያኛውን አንድ ሰው በሽንቁር አየብኝ። አንድ ሰው! ውኃ ልትቀዳ ያለፈች። ይህን ደግሞ አገር ሙሉ ይየውና እኔ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?»

በዚህ መሀል ዶክተሩ ገባ፤ የመጨረሻውን ሰምቷል። ድካሙም ነበረበት መሰለኝ ድምፁ ከፍ አለ።

«እማማ፣ ከሸፈኑት እኮ ይሞታል!»

«ካልሸፈንኩትስ?»

«እንደዚህ ከሆነማ እዚህ መቀመጥ አይችሉም፤ ይውጡ።»

ግድግዳ ይዛ የቆመች ደብሬን ያን ጊዜ ነው ያየናት። ጩኸቱን ሰምታ ከአልጋዋ ተነስታ መጥታለች፤ ፊቷ እንደ አመድ።

«እናቴ ከወጣች እኔም እወጣለሁ» አለች፤ «ልጄም ይወጣል። ሞት ካልቀረ በቤቱ ይሙት።»

እማማ ስንዱ ተነሱ። ልጁን ከመብራቱ ሥር አንስተው፣ የዓይኑን መሸፈኛ እንኳ ሳይፈቱ፣ በነጠላቸው ጠቀለሉት። ዶክተሩ በር ላይ ቆመ። ልጅን ከአያቱ እጅ መንጠቅ ይቻላል? ሁላችንም ቆምን። ባዶው አልጋ ላይ ሰማያዊው ብርሃን ለማንም ሳይሆን ይፈሳል። እስከ ዛሬ ሳስበው እንደ ሕልም ነው የሚታየኝ፤ ያ ሁሉ መድኃኒት አንሶላ ላይ ሲፈስ፣ ልጁ ደግሞ ከእሱ በአንድ ክንድ ርቀት፣ ነጠላ ውስጥ።

«እማማ ስንዱ» አለች ሲስተር እንጉዳይ ቀስ ብላ፤ «ለዚህ ልጅ ከእኛ ሁሉ በላይ የሚጨነቁለት እርስዎ ነዎት። እርስዎ ይንገሩኝ፤ ምን ቢደረግ ልብዎ ያርፋል?»

እማማ ስንዱ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠበቁም። ወደ በሩ አዩ፤ ወደ መብራቱ አዩ።

«መብራታችሁን ምን አልኩት?» አሉ በመጨረሻ። «አላፊ አግዳሚው ነው እንጂ። ይጋረድልኝ። ታቦት እንኳ የሚቀመጠው ከመጋረጃ ጀርባ ነው። የከበረ ነገር ሜዳ ላይ ይጣላል?»

ሲስተር እንጉዳይ ወደ ዶክተሩ ዞረች። ዶክተሩ ግንባሩን ቋጥሮ ቆየና ድንገት ፊቱ ተፈታ። «ነጭ ይሁን እንጂ ምን ችግር አለው?» አለ። «ነጭ ጨርቅ በጎን የሚባክነውን ብርሃን ወደ ልጁ ይመልሰዋል፤ እንዲያውም ይጠቅመዋል። አየር እንዲገባ ከላይ ክፍት ይሁን፤ ሲስተር የምታይበትም አንድ ጎን ይተው።»

«ብርቄ!» አለች ሲስተር እንጉዳይ።

እኔ ግን ኮሪደሩ መሀል ደርሼ ነበር። እናቴን ከማጠቢያ ቤቱ በር ላይ አገኘኋት። «የወተቱን ነጭ ስጪኝ!» አልኳት። ለምን ብላ አልጠየቀችም፤ ከመደርደሪያው ሥር ለክፉ ቀን የምታስቀምጣቸውን አወጣችልኝ። አንሶላዎቹን በመብራቱ ቋሚ ዙሪያ አሰርናቸው። እማማ ስንዱ እያንዳንዱን ቋጠሮ ጎትተው ፈተኑ። ከዚያ፣ የእግዜር ፈቃድ ይሁን ብለው፣ ልጁን ራሳቸው ገልጠው አስተኙት።

እናንተዬ፣ ያን ጊዜ ባያችሁት! ብርሃኑ ከአንሶላው ወደ አንሶላው ሲመላለስ ልጁን ከላይ ከታች፣ ከግራ ከቀኝ አጠመቀው። ጥላ የሚባል ነገር የለበትም። በሐይቅ ውስጥ የሚንሳፈፍ እንቅልፍ ነበር። እማማ ስንዱ በክፍተቱ አጮልቀው አዩ። «አይ የእግዜር ሥራ» አሉ በሹክሹክታ፤ «ውስጡ ነግቷል።»

ከዚያ በኋላ ወንበራቸውን ከመጋረጃው ፊት አስቀምጠው የበር ጠባቂ ሆኑ። እንዴት ያሉ ጠባቂ!

«አንተ ልጅ፣ እጅህን ታጠብክ?» ዶክተሩን ነው።

«ታጥቤአለሁ፣ እማማ።»

«ሳላይ?»

ተመልሶ ታጠበ። አቶ ሙጬ አምፖል ሊያዩ ብቅ ቢሉ ደግሞ፣ «እርስዎ ዓይንዎ ከባድ ነው፤ ከዚያው ሆነው ይጠይቁ» ተብለው ተመለሱ። እኔን ብቻ አኮረፉኝ፤ ስወለውል እግራቸውን ያነሱልኛል እንጂ አያናግሩኝም።

በማግስቱ ጠዋት ከልጁ ተረከዝ ደም ተወስዶ ላቦራቶሪ ሄደ። አምቡላንሱ ደጅ ቆሟል፤ ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ያሞቃል። ደብሬ ልብሷን ለብሳ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች። እማማ ስንዱ ከመጋረጃው ፊት ቆመው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለውም። እኔ የተወለወለውን ወለል ደግሜ እወለውላለሁ። ዶክተሩ ወረቀቱን ይዞ መጣ። አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄዶ ለሾፌሩ እጁን አወዛወዘ፤ ሞተሩ ጠፋ።

ያ ጸጥታ! ደብሬ የሞተሩን መጥፋት ሰምታ ነው ማልቀስ የጀመረችው፤ ማንም ቃል አልነገራትም። ከመጋረጃው ውስጥ የሲስተር እንጉዳይ ድምፅ መጣ፤ «እንኳን ደስ ያለዎት አባቴ። ባሕር ዳርን አድገው ያዩታል።» ቀጥሎም ዜማዋ።

ቢጫው ደህና አድርጎ ለቀቀ። መብራቱ የሚጠፋለት ቀን ሲስተር እንጉዳይ ልጁን ወደ መስኮቱ ስትወስደው እማማ ስንዱ ተከተሏት። አፍንጫውን ጫን፣ ደረቱን ጫን። እማማ ስንዱ ጣቷን ብቻ ነበር የሚያዩት።

«ያኛውስ?» አሉ።

ሲስተር እንጉዳይ ገባት። እኔም ገባኝ፤ እናም እንዳትነግራቸው ተመኘሁ።

«ያኛው እዚህ ቢመጣ ኖሮ?» ብለው ደገሙ።

«በጊዜ ቢመጣ፣ አዎ እማማ፣ ብዙ ተስፋ ነበረው።»

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው መስኮቱን ተደግፈው ቆዩ። ከነጠላው ሥር፣ «እኔ ነኝ በይኛ፤ እኔ ነኝ የሸፈንኩት» አሉ።

«እማማ፣ በጨለማ ውስጥ ቢጫ ለእኔም አይታየኝም። ዶክተሩም አያየውም። እርስዎ ሳይወዱት ቀርተው አይደለም፤ ቤቱ አልበራም ነበር እንጂ።»

ፊታቸውን ገልጠው፣ ቀይ ዓይናቸውን ጠርገው፣ የቀኝ እጃቸውን አውራ ጣት አወጡ። «እስቲ አሳዪኝ» አሉ፤ «እንዴት ነው የሚጫነው?»

በመስኮቱ ብርሃን ሁለቱ ሴቶች ልጁ ላይ አጎንብሰው፣ ያች የአርሶ አደር ሻካራ ጣት ያችን የአፍንጫ ጫፍ ስትነካ አየሁ። ልጁ አነጠሰ። ሦስታችንም ሳቅን። ሲወጡ በእኔ በኩል አልፈው ቆሙ፤ «አንቺ አሳባቂ» አሉኝ፤ ጉንጬን ሳሙኝና ሄዱ። እስከ ዛሬ ከተሰጡኝ ስሞች ሁሉ ይህን እወደዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ክረምት መጣ፣ ሄደ። መጋረጃው የክፍላችን ወግ ሆኖ ቀረ። እኔ ፈተናዬን ተፈተንኩ፣ ውጤቴ መጣ፣ ኮሌጅ ደረሰኝ። ልሰናበት ስል አንድ ማለዳ አንዲት ወጣት አራስ ባሏን አስከትላ ገባች። ልጇ ታቅፋ ተኝታለች። ከስማዳ ነን አሉ፤ እማማ ስንዱ ናቸው የላኩን።

«እንዴት አድርገው ላኩሽ?» አለች ሲስተር እንጉዳይ።

«የወለደች ካለች እየዞሩ ይገባሉ» አለች ሴትዮዋ። «ጎረቤት ሴቶችን ደጃፍ ላይ ክብ ሠርተው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው እንዲቆሙ ያዛሉ፤ መሀል ላይ ሕፃኑን ገልጠው በቀን ብርሃን ያዩታል። የኔን ሲጫኗት ‹ተነሺ› አሉኝ። እሱ ደግሞ» አለች ባሏን በአገጯ እየጠቆመች፣ «ነገ የገበያ መኪና አለ ቢላቸው ‹ነገ አንተ በእግርህ ገበያ ሂድ፤ እሷ ዛሬ ትሄዳለች› አሉት።»

«ቅዳሜ ነው ያልኩት፣ ነገ አላልኩም» አለ ባልየው አንገቱን አቀርቅሮ።

«ጭራሽ!» አለች ሚስቱ።

ሲስተር እንጉዳይ ሕፃኗን አቅፋ ወደ መስኮቱ ሄደች። «እንዴት አደሩ እመቤቴ» አለቻት። አፍንጫዋን ጫነች፤ ቢጫ። ደረቷን ከላይ ጫነች፤ ቢጫ። ትንሽ ዝቅ አለች፤ ጣቷ ቆመ። እንደገና ጫነች። ዜማዋ አልተቋረጠም። ወደ ሴትዮዋ ስትዞር ዓይኗ ውኃ ሞልቷል።

«በጊዜ ነው የመጣሽ» አለቻት።

ይህን ቃል በሥራ ዘመኔ ሁሉ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ፣ ከሩቅ ለመጣ ለአንድም ሰው ሲባል ሰምቼ አላውቅም ነበር። የዓይን መሸፈኛውን ይዤ የሕፃኗን ጭንቅላት ልለካ ቀረብኩ። ሴትዮዋ ግን ግራ ገብቷት አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየች።

«እንዴ» አለች፤ «ታዲያ መቼ ልምጣ?»